ሟች ያጠበበችው ቀሚስ

ልብስ ሰፊዋ እናት ቀሚሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋችው። ያመጣው ልጇን የሚያገባው ሰው ነው። «የሟች ባለቤቴ ነበር፤ ለልጅዎ ያስተካክሉልኝ» ብሏት በሩ አጠገብ ተቀምጦ ይጠብቃል።

የወገቡን ስፌት ስትተረትር እጇ ቀጥ አለ። ጨርቁ ላይ የድሮ መርፌ ቀዳዳዎች በሦስት መስመር ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ከፊተኛው ወደ ውስጥ ገባ ብሏል። ሦስቱም የአንድ እጅ ሥራ ናቸው። በመጨረሻው መስመር ላይ ወገቡ የሕፃን ልጅ ወገብ ያህላል።

«ምን አሟት ነው የሞተችው፣ ልጄ?» አለችው።

«ምንም አላመማት። እንዲሁ እየከሳች ሄደች። እኔ እንግዲህ የምትበላ ሴት አልወድም፤ እሷም ታውቅ ነበር» አለና ፈገግ አለ። «ለልጅዎም አጥብበው ይስፉት፣ እማማ። ትደርስበታለች።»

እናት ወደ ጓዳው ዞር ብላ አየች። የልጇ ምሳ ጓዳ ውስጥ እንደቀረበ ነው። ልጅቱ ሁለት ሳምንት ሙሉ «ጠግቤአለሁ» ስትል፣ እናት የሰርግ ጭንቀት ነው ብላ አልፋዋለች።

ልጇን ጠርታ ጣቷን በቀዳዳዎቹ ላይ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው አስኬደችላት። የሰፊ ልጅ ናትና ሌላ ማስረዳት አላስፈለጋትም።

«እማዬ፣ ይኼ ሁሉ የአንድ ሴት ወገብ ነው?»

«የአንድ ሴት ነው።»

ልጅቱ ሰውየውን ዐይን ዐይኑን አየችው። ከዚያ ጓዳ ገብታ ሳህኗን ይዛ ተመለሰች፤ ፊት ለፊቱም ተቀምጣ መብላት ጀመረች። እናት ቀሚሱን አጣጥፋ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። ልጅቱ ሳህኗን ሳትጨርስ ሰውየው ተነሥቶ ወጣ።