የጋሽ ተኳሽ ሽጉጥ

ሰው ሁሉ ጋሽ ተኳሽ ይላቸዋል እንጂ፣ ሰውዬው በዕድሜያቸው አንዲት ጥይት እንኳ ተኩሰው አያውቁም። ሥራቸው ፀጉር ማስተካከል ነው። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው ከመስታወቱ በላይ በሁለት ሚስማር በሰቀሏት የአያታቸው ሽጉጥ የተነሳ ነው። ሽጉጧ የጥንት ናት። ጥይቷ ከጎኑ መርፌ የምታህል ዘንግ ብቅ ያለችበት፣ የሽጉጧ መዶሻ ያቺን መርፌ ሲመታት የሚፈነዳ ዓይነት ነበር። ጋሽ ተኳሽ ምላጫቸውን ይዘው፣ አያታቸው በሷ ሦስት ሌቦች እንዴት እንዳባረሩ ያወጋሉ። ሌቦቹስ እውነት ናቸው፤ ጨው የበዛው ጥይቱ ላይ ነው። "ዛሬም ቢሆን ቃታዋን መሳብ ብቻ ነው፤ ጥይቱ ሣጥኔን ሞልቶታል" ይላሉ። ጉሮሮው ላይ ምላጭ ያረፈበት ደንበኛ ደግሞ ምን ብሎ ይከራከራል!

ታዲያ አንድ ቅዳሜ፣ ሱቁ በሰው ጢም ብሎ ሳለ፣ አንዲት ፖሊስ ገባች። የሣጥኑ ወሬ ጣቢያ ድረስ ደርሶ ኖሯል። ሕጉን በትህትና አስረዳቻቸው። እንዲህ ያለ፣ ጥይቱ መሠራት ያቆመ አሮጌ መሣሪያ እንደ ቅርስ ስለሚቆጠር ፈቃድ አያሻውም፤ ግድግዳው ላይ መኖር ይችላል። ጥይት ካለው ግን ቅርስነቱ ይቀርና መሣሪያ ይሆናል፤ ያኔ ይዛው ትሄዳለች።

ጋሽ ተኳሽን ላብ አጠመቃቸው። እውነቱን ቢናገሩ ስማቸው አፈር ድሜ ሊበላ ነው፤ ዝም ቢሉ ደግሞ ያቺ በልጅነታቸው ከአያታቸው ጋር በዘይት ጨርቅ ሲወለውሏት የነበረች ሽጉጥ ልትሄድባቸው ነው። አንጀታቸው እሺ አላለም። ወደ ፖሊሷ ጆሮ ጠጋ ብለው አንሾካሾኩ።

"አባቴ፣ አልሰማሁዎትም። ምስክር ስለሚያስፈልገኝ ጮክ ይበሉልኝ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። "ጥይት የለኝም" አሉ፣ ዓይናቸውን ወለሉ ላይ ተክለው። "ኖሮኝም አያውቅ። አያቴም ቢሆኑ አልነበራቸውም።"

ፖሊሷ ሽጉጧን አውርዳ አገላበጠቻት፤ መዶሻዋ ዝጎ አልንቀሳቀስ ብሏል። ወደ ሚስማሮቿ መለሰቻትና ትኑርልዎ ብላ ወደ በሩ አመራች። ጋሽ ተኳሽ እፎይ ቢሉም፣ ቀና ብለው ደንበኞቻቸውን ማየት አፈሩ።

ግማሽ ጺሙ ብቻ የተላጨው ዳቦ ጋጋሪ ነው ቀድሞ የተናገረው። "ጋሼ፣ ጥይት እንደሌለዎት እኮ ባለቤትዎ እትዬ ድሮ ነግረውናል። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ብርድ ልብስ ነው።"

ሱቁ በሳቅ አውካካ። ጋሽ ተኳሽም ራሳቸው ሳቅ አመለጣቸው።

"እኔን ያልገባኝ ሌላ ነው" አለ ዳቦ ጋጋሪው። "ጥይት ከሌላቸው፣ አያትዎ ሌቦቹን በምን አባረሩ?"

ጋሽ ተኳሽ ምላጫቸውን አስቀምጠው ወደ ሽጉጧ ቀና አሉ። ይህን ሁሉ ዘመን ሲያወሩት፣ ነገሩን በዚህ በኩል አስበውት አያውቁም።

"ባዶ መሆኗን እያወቁ ነው በሩን ከፍተው የወጡት" አሉ ቀስ ብለው። በአያታቸው እንደዛሬ ኮርተው አያውቁም።

በሩ ጋ ደርሳ የነበረችው ፖሊስ ተመልሳ ወንበር ሳበች። "እስቲ ከመጀመሪያው ይንገሩን" አለች።