መርገጫው እስኪመጣ

ስሜ ውዴ ነው። ስሙን ያወጣችልኝ አክስቴ ናት፤ በኋላ ምን እንደሚያመጣብኝ አላሰበችም። አዳማ እያለሁ የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ውዴ» ይለኛል፤ ዞር ብዬ ስገላምጠው «ምነው፣ ስምሽን እኮ ነው የጠራሁት» ይላል። ጅቡቲ መጥቼ በቤት ሠራተኝነት የቀጠረችኝ ማዳም «ኡዴ» ስትለኝ ግልግል ሆነልኝ። በስሜ ጨርሶ የማይጠራኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እንዲጠራኝ የምፈልገውም እሱን ብቻ ነበር።

ጃቢር ይባላል፣ የድሬዳዋ ልጅ ነው። አምቡሊ፣ ከደረቁ ወንዝ አጠገብ፣ ኳድ በሚከራይበት ግቢ ውስጥ ይሠራል። ኳድ ማለት እንደ ሞተር ሳይክል ተቀምጠው የሚነዱት ባለ አራት ጎማ ነው፤ አሸዋም ድንጋይም አያቆመውም። ጃቢር ኳዶቹን ይጠግናል፣ ያከራያል፣ ከሁሉም በላይ ግን ደንብ ያወራል። ማንም ሰው ኳድ ላይ ከመውጣቱ በፊት አቁሞ ይሰብከዋል። ፈረንሳዩን በፈረንሳይኛ፣ የአገሬውን ሰው በሶማሊኛ፣ የመኒውን በአረብኛ። ስብከቱ ግን አንድ ነው። ባለ አንድ ሰው ኳድ ላይ አንድ ሰው ብቻ ይቀመጣል። «መቀመጫው የረዘመው ሁለተኛ ሰው እንዲጨመርበት አይደለም» ይላል፤ «ነጂው ዳገት ላይ ወደ ፊት፣ ቁልቁለት ላይ ወደ ኋላ እንዲንሸራተትበት ነው።»

ማዳምና ባሏ ሙሴ ዘወትር ዓርብ ከአስር ሰዓት በኋላ ኳድ ይከራያሉ። መጀመሪያ የሄድን ቀን ማዳም ትንሿን ልጇን ካሚን ከፊቷ ልታስቀምጥ ስትል፣ ጃቢር የኳዱን ቁልፍ ነቅሎ ኪሱ ከተተው። ሕፃን አይጫንም። ማዳም ፊቷ ቀላ፣ ሙሴ ሳቀ፣ ጃቢር ፈገግ ብሎ ቆመ እንጂ ቁልፉን አላወጣም። ስለዚህ እነሱ ሲሄዱ እኔና ካሚ ጥላው ሥር ቀረን። ያን ደንብ ያወጣውን ሰው እግዜር ይስጠው። በሳምንት አንድ ሰዓት ከጃቢር ጋር ያስቀመጠኝ እሱ ነው።

ሌላውን ደንብ ግን ስረግመው ኖርኩ።

ጥር ላይ ነው፣ ካሚ ጭኔ ላይ ተኝታ፣ እንደ ቀልድ «እስቲ አንድ ቀን አፈናጥጠኝ» አልኩት።

«በእነዚህ አይፈናጠጥም» አለኝ።

«ከኋላህ ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ፤ ቀላል ነኝ እኮ።»

አልሳቀም። ሥራ በጀመረበት ዓመት ታናሽ ወንድሙ ረምዚ ሊጠይቀው መጥቶ ነበር። ልክ እንደኔ «አፈናጥጠኝ» አለው። በባለ አንድ ሰው ኳድ ከኋላው አስቀምጦት የወንዙን ዳር ሲወጡ፣ ክብደቱ ሁሉ ወደ ኋላ ሆነና የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ተነሱ። ኳዱ ወደ ኋላ ተገለበጠ። ጃቢር ወደ ጎን ወደቀ፣ ረምዚ ግን ከኳዱ ሥር ቀረ። እስከ ዛሬ በክራንች ነው የሚሄደው። ጃቢር ይህን ሲነግረኝ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነበር፤ እጁ ግን ንጹህ ነበር።

ከዚያ ወደ ግቢው ጥግ ጠቆመኝ። ሸራ የለበሰ፣ ከሌሎቹ የረዘመ ኳድ ቆሟል። «ያ ቢፕላስ ነው፣ ለሁለት ሰው የተሠራ። ለኋለኛው ሰው የራሱ መቀመጫ፣ የራሱ እጀታ፣ የራሱ የእግር መርገጫ አለው። የግራ መርገጫውን ግን ድንጋይ ገንጥሎታል።»

«አንድ እግሬን አንጠልጥዬ እሄዳለኋ።»

«ጎማው ሲይዘውስ?» አለኝ። «መርገጫው ይምጣ፤ ያን ጊዜ አፈናጥጥሻለሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ «ተሳፋሪዋ» ይለኝ ጀመር። «ተሳፋሪዋ መጣች?» «ተሳፋሪዋ ዛሬ ዘገየች።» አንድም ቀን ተሳፍራ የማታውቅ ተሳፋሪ።

እውነቱን ልናገር፣ ወድጄው ነበር። እሱ የአስር ሶላቱን ሰግዶ ሲመለስ እኔ ማተቤን በሻርፔ እሸፍናለሁ፤ ለምን እንደምሸፍነው ለራሴም ነግሬው አላውቅም። የእሱ ወገን ምን እንደሚል አውቃለሁ፣ የእኔም ወገን ምን እንደሚል አውቃለሁ። ስለዚህ ትልቅ ነገር አልተመኘሁም። አንድ ጊዜ ከኋላው ተቀምጬ፣ ጀርባውን እያየሁ፣ የት እንደሚወስደኝ ሳልጠይቅ መሄድ። ይችው ናት ምኞቴ። የሰው ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው ሁልጊዜ የት እንደሚሄድ፣ መቼ እንደሚመለስ ይጠየቃል፤ ሳልጠየቅ መሄድ አማረኝ።

በየሳምንቱ ገና ከበሩ ስገባ «መርገጫው መጣ?» እላለሁ። እሱም «ኢንሻላህ፣ በሚቀጥለው ጁምዓ» ይላል።

ከማዳም ቤት ጣሪያ ላይ ልብስ ሳሰጣ ወደቡ ይታየኛል። ያገሬ ስንዴ፣ ያገሬ ማዳበሪያ፣ ያገሬ መኪና ሁሉ ዓይኔ ሥር ይራገፋል። ይህ ሁሉ ዕቃ ሲደርስ፣ ከክንዴ የምታንስ አንዲት ብረት መንገድ ጠፍቷት ቀረች እያልኩ ከመርከቦቹ ጋር እጣላለሁ። ማክሰኞ ማክሰኞ ይብሳል፤ ዓርብ አልፏል፣ ዓርብ ደግሞ ገና ነው።

ሰኔ ላይ ሙሴ የሥራ ውሉ ማለቁን ነገረን። ሊሄዱ ነው። የኔ ወረቀት በእነሱ ስም ነውና እነሱ ሲሄዱ የእኔም የመኖሪያ ፈቃድ ያልቃል። ካርቲየ ሰባት ቢስ በሚባለው ሰፈር የምትኖረው ጓደኛዬ ሀዊ ሌላ ቤት ልታፈላልግልኝ ያላንኳኳችው በር የለም፤ በዚያ ሙቀት ማን ሠራተኛ ይቀጥራል፣ ያለው ሁሉ ለዕረፍት እየወጣ ነው። በመጨረሻ ማዳም የባቡር ትኬቴን ቆረጠችልኝ። ቅዳሜ ጠዋት።

ለጃቢር አልነገርኩትም። ሦስት ዓርብ ሙሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። «ልሄድ ነው» ካልኩት «በሰላም ግቢ» ይለኛል ብዬ ፈራሁ። ያንን ቃል ከአፉ መስማት አልፈለግሁም።

የመጨረሻዋ ዓርብ ማዳም ሻንጣ ስለምታስር ፈቃድ ሰጠችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን፣ ያለ ካሚ ልሄድ ነው። ግን ባዶ እጄን ሄጄ «መርገጫው መጣ?» ብል፣ የሚቀጥለው ጁምዓ የለኝም። ስለዚህ መጀመሪያ ቡላኦስ ሰፈር ሄድኩ፣ የኳዶቹ ባለቤት ሀጂ ሙጠሊብ ሱቅ። መለዋወጫ የሚያስመጡት እሳቸው ናቸው። ካልመጣም ከሌላ ኳድ ፈትታችሁ ስጡኝ ብዬ ልለምናቸው ነው ያሰብኩት።

«ሀጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የቢፕላሱ መርገጫ መቼ ነው የሚደርሰው?»

ሀጂ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አደረጉ። «የትኛው መርገጫ ልጄ?»

«የግራው።»

«እሱማ ረመዳን ላይ መጣ። ጃቢር ራሱ ነው መጥቶ የወሰደው። እስካሁን አልገጠመውም እንዴ?»

ወደ አምቡሊ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከረመዳን ወዲህ ያሉትን ዓርቦች በጣቴ ቆጠርኩ፤ አስራ ሰባት። አስራ ሰባት ጊዜ ዓይን ዓይኔን እያየ «ኢንሻላህ» ብሎኛል። ማተቤን አይቶ ነው፤ ከኋላው ተቀምጬ ሰው እንዳያየው አፍሮ ነው፤ ሲያሾፍብኝ ነው የከረመው። አምቡሊ እስክደርስ ድረስ የምሰድበውን ስድብ ሁሉ አዘጋጅቼ ጨረስኩ።

ኳድ እያጠበ ነበር። «ተሳፋሪዋ!» አለኝ፤ «ዛሬ ብቻሽን ነሽ?»

ያዘጋጀሁት ስድብ ሁሉ ጠፋኝና የዘወትሯ ጥያቄ ወጣች። «መርገጫው መጣ?»

«ኢንሻላህ፣ በሚቀጥለው ጁም...»

«ጃቢር፣ ከሀጂ ሱቅ ነው የመጣሁት።»

የውሃውን ቱቦ ዘጋ። ወደ መሣሪያ ሳጥኑ ሄዶ የታችኛውን መሳቢያ ሳበና በነጭ ፎጣ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ሰጠኝ። ፈታሁት። መርገጫው ነው። በዚህ የባሕር አየር ብረት ሳምንት ሳይሞላው ነው የሚዝገው፤ እሱ ግን ያብለጨልጫል። ዘይት ተቀብቷል፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን ብዙ ጊዜ፣ ፎጣው እስኪጠግብ ድረስ።

«እንድፈናጠጥብህ ካልፈለግህ ንገረኝ እንጂ ለምን ትቀልድብኛለህ?» አልኩት።

መሬት መሬቱን እያየ መለሰልኝ። «ከገጠምኩት አንድ ጁምዓ አፈናጥጥሻለሁ። ከዚያስ? በሚቀጥለው ጁምዓ ከበሩ ስትገቢ ምን ብለሽ ትጠይቂኛለሽ?»

ጅል። እኔ ለመርገጫው ብዬ የምመጣ መስሎት ነበር። ልስቅም ላለቅስም ቃጣኝና «ነገ ጠዋት በባቡር ወደ አገሬ ነኝ። ሦስት ሳምንት ደብቄሃለሁ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «በሰላም ግቢ» አላለኝም። መፍቻ አነሳ፣ ሸራውን ገፈፈ፣ ተንበርክኮ ሁለት ብሎን አሰረ። አስር ደቂቃ አልፈጀበትም። ጎማዎቹን ነፋ፣ ፍሬኑን ሞከረ፣ መርገጫውን ራሱ ቆመበትና ነቀነቀው። ከዚያ ከፊቴ ቆሞ ስብከቱን ጀመረ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእኔ።

ካስኩን፣ የራስ መከላከያ ቆቡን፣ ራሱ አጠለቀልኝ። «ማሰሪያው ሁለት ጣት ብቻ ማስገባት አለበት» ብሎ ሁለት ጣቱን በማሰሪያውና በአገጬ መካከል አስገባ። በስድስት ወር ውስጥ የነካኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«እግርሽ ከመርገጫው አይነሳ» አለ። «በሁለት እጅሽ እጀታዎቹን ያዢ። ሳጥፍ አብረሽኝ ዘንበል በይ፣ ወደ ሌላ ወገን አትሳቢ። ማቆም ስትፈልጊ ጀርባዬን ሁለት ጊዜ ቸብ አድርጊኝ፤ አቆማለሁ።» የራሱን ካስክ አጠለቀ። «የትም ብንሆን አቆማለሁ።»

ከኋላው ተቀመጥኩ። ደንቡ እጀታውን ያዢ ነው ያለኝ፣ እሱን ያዢ አላለኝም፤ እኔም እጀታውን ያዝኩ። ደረቁን ወንዝ ይዘን ወደ ባሕሩ ሄድን። ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው፤ እንቁላል የጫነ ሰው ነው የሚመስለው። የሸሚዙ ጀርባ በላብ ርሶ ተጣብቋል። አንድ አውሮፕላን ጆሯችንን እያደነቆረ ከላያችን አለፈ። ሲያጥፍ ዘንበል አልኩ፣ ሲያቀና ቀና አልኩ። ወዴት እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ደስ አለኝ፤ ደስታው ደግሞ አሳመመኝ፣ ምክንያቱም ወንዙ ማለቂያ አለው።

አሸዋው ውሃው ጋ ሲደርስ ማርሹን ቀነሰ። ወደ ኋላ አልዞረም፤ ፊቱን ወደ ባሕሩ እንዳደረገ፣ ከሞተሩ ድምፅ በላይ፣ «ውዴ» አለ።

ስሜን ይሁን ቃሉን አላወቅሁም። ዕድሜዬን ሙሉ ለጎረምሳ ሁሉ ያደረግሁትን ገላምጬ መጠየቅ እችል ነበር። እጄን ከእጀታው አነሳሁ። ሁለት ጊዜ ቸብ ባደርገው ያቆማል። ካቆመ ይዞራል። ከዞረ «ቅሪ» ይለኛል፣ እኔም እቀራለሁ፤ ወረቀት የሌላት ሴት ሆኜ፣ ፖሊስ ባየሁ ቁጥር እየተደበቅሁ፣ እሱም በኔ ምክንያት ከወገኑ እየተጣላ። አንድ ወንድሙን የጎዳ ሰው ነው፤ በኔ ደግሞ ሌላ ጉዳት ላሸክመው አልፈለግሁም። እጄ አየር ላይ ቆየች። ከዚያ መልሼ እጀታውን ጨበጥኩ።

ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ መሪውን አጠፈ፤ እኔም እንዳስተማረኝ አብሬው ዘንበል አልኩ።

ግቢው ስንደርስ ካስኩን ፈታልኝ። መርገጫው እንዳይዝግ ዘይት መቀባቱን እንዳይተው ነገርኩት፤ «እሺ» አለኝ።

በማግስቱ ባቡሩ ከናጋድ ጣቢያ ሲነሳ የመስኮት ወንበር ደርሶኝ ነበር። ከተማዋ ወደ ኋላ ሸሸች፣ ጥቁሩ ድንጋይ ተተካ። እግሬን ከፊቴ ባለው ወንበር ሥር ብረት ላይ አሳርፌ፣ በሁለት እጄ የራሴን ወንበር ዳርና ዳር ይዤ እንደተቀመጥኩ ያወቅሁት ቆይቶ ነው። ባቡሩ ኩርባ ሲዞር ዘንበል አልኩ። ያን ጊዜ አንዷ እጄ ተነሳችና ከፊቴ ያለውን ወንበር ጀርባ ሁለት ጊዜ ቸብ አደረገችው።

የተቀመጡት ሰውዬ ዞር አሉ። «ምን ፈለግሽ እህቴ?»

«ይቅርታ» አልኳቸው። «ተሳስቼ ነው።»