የለም የተባሉት አያት

1.

«የለም።»

የውዳሴ እናት ዘርትሁን የትምህርት ቤት መግቢያ ቅጹ ላይ የጻፈችው ይህንኑ ነው። ጥያቄው፦ ከልጅዎ ጋር አማርኛ የሚያወራ ሰው ቤት ውስጥ አለ?

የዘርትሁን አባት አቶ ደባልቄ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብለው ሻያቸውን ፉት ይላሉ።

2.

«እኔስ?» አሉ።

«አባዬ፣ ትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛ ብቻ ነው የሚፈልገው። ውዳሴ እስክትገባ ዝም በልልኝ።»

«ከገባችስ?»

«ከገባችማ ጭራሽ።»

3.

«የለም» የተባለው ሰውዬ ለአምስት ዓመቷ ውዳሴ ያስተማራት፦

— አዳማ ጎሚስታ ሳለ ከአንድ የጭነት መኪና ጎማ ውስጥ ሦስት ጅብ አውጥቷል። አንደኛው አመስግኖታል።

— የአዋሽን አዞ ጥርስ በጉጠት ነቅሎለታል። አዞው አልቅሷል፤ እሱ አላለቀሰም።

— ፊደል። ልጅቷ መጀመሪያ ያነበበችው ቃል ከተሳቢ መኪና ቂጥ ላይ ነው፦ «ተረጋጋ»።

ውሸት ነው? አንተ አንባቢ፣ እዚያ ነበርክ?

4.

 

 

(አሥራ አምስት ቀን ዝም ተብሏል።)

5.

በሁለተኛው ቀን ግን ውዳሴ፦ «እማዬ፣ አባባ ሞቷል?»

«ምን ማለትሽ ነው? ያው ሽሮውን እየበላ!»

«ታዲያ ለምን አያወራም?»

ደባልቄን ጉርሻው አነቃቸው።

6. የመግቢያ ፈተናው፣ ቃል በቃል

ርዕሰ መምህርቷ፦ (በእንግሊዝኛ ስሟን ጠየቀቻት።)

ውዳሴ፦ (ዝም።)

ርዕሰ መምህርቷ፦ (በእንግሊዝኛ፣ ጮክ ብላ።)

ውዳሴ፦ (ዝም።)

ርዕሰ መምህርቷ፦ (ለእናትየው) ልጅቷ አፏን አልፈታችም እንዴ?

ደባልቄ፦ (ከበሩ) ምን? ፈትታለች እንጂ! ያስፈታኋትም እኔ ነኝ! ውዳሴ፣ እስቲ አንቺ ጠይቂያት!

ዘርትሁን፦ አባዬ!

ውዳሴ፦ እንቆቅልሽ!

ርዕሰ መምህርቷ፦ (አፏ አምልጧት) ምን አውቅልሽ።

ውዳሴ፦ ሆዱ ንፋስ ብቻ፣ ጀርባው ላይ መቶ ኩንታል።

ርዕሰ መምህርቷ፦ ግመል?

ውዳሴ፦ አይደለም!

ርዕሰ መምህርቷ፦ ደመና?

ውዳሴ፦ አይደለም!

ዘርትሁን፦ ጎማ!

ውዳሴ፦ እማዬ፣ አንቺን ማን ጠየቀሽ!

7.

ዘርትሁን አፏን በመዳፏ ያዘች። በልጅነቷ በዚሁ እንቆቅልሽ ወሎንም ባሌንም ለአባቷ አስረክባለች።

ሳቋ በጣቶቿ መሃል ሾለከ።

«በሉ እንግዲህ» አሉ ደባልቄ፣ ሳይጋበዙ ወንበር ስበው። «ተቀበሏት አልተቀበሏት፣ እኔ ከዛሬ ወዲያ አፌን የምዘጋው ስሞት ነው። ያኔም እንጃ!»

ውዳሴ መዳፏን ዘረጋች። «አላወቅሽም! አገር ስጪኝ!»

ሕጉ ሕግ ነው። ያላወቀ አገር ይሰጣል፤ ርዕሰ መምህርትም ብትሆን።

8.

ርዕሰ መምህርቷ ውጭ እንዳይሰማ በሩን ዘጋች። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እሺ... ወሎን ሰጥቼሻለሁ።»