ፈቃድ የሌላት ጠበቃ

«የኔ ጠበቃ እሷ ናት» አለ አናጺው። ክርኗን ይዞ ከአግዳሚው አስነሣትና፣ ለድግስ የሰራውን ወንበር እንደሚያሳይ ሰው ኩራት ኩራት እያለው ወደ ፊት ገፋ አደረጋት።

የእህቱ ልጅ ናት፤ በሆስፒታል ራጅ አንሺ። ለዛሬ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ፣ ለሠርግ ብቻ የምታወጣውን ጥቁር ኮት ለብሳ መጥታለች። በደረቷ ያቀፈችው ፎልደር ውስጥ ከኦንላይን ትምህርቷ ያተመቻቸው ገጾች አሉ። ለአጎቷ ከጎኑ ተቀምጣ በጆሮው ሹክ ልትለው ነበር ያሰበችው። በሰው ፊት ያስነሣኛል ብላ አልጠበቀችም። አልጠበቅኩም ማለቱ ግን ውሸት ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ከአጎቷ ኋላ ኋላ ስትል የነበረው ለዚሁ ነበር።

ዳኛዋ ከመነጽራቸው በላይ አዩአት። «የጥብቅና ፈቃድዎን ያቅርቡ።»

«ፈቃድ የለኝም። ጠበቃ አይደለሁም፣ ክብርት ዳኛ። የሕግ ማስተርስ በኦንላይን እየተማርኩ ነው።»

«የመጀመሪያ ዲግሪዎ በሕግ ነው?»

«አይደለም። በራዲዮግራፊ ነው።»

ከኋላ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ዳኛዋ አልሳቁም። «እንግዲያው ይቀመጡ። ተከሳሽ ራሳቸው ይናገራሉ» አሉ።

ተቀመጠች። አናጺው ግን እንደቆመ ቀረ። ደጋግሞ የለካው እንጨት ሲገጥም አጥሮ እንደተገኘበት ሰው፣ አንዴ እሷን አንዴ ዳኛዋን ያያል።

ነገሩ የጀመረው ሸሪኩ የሞተ ሰሞን ነው። ሁለቱ ወጣት ሳሉ አብረው ያቆሙት የእንጨት ሥራ ቤት አላቸው። ቦታው የሸሪኩ፣ ግንባታው የሁለቱም፤ ውሉ ደግሞ የቃል። በመካከላቸው ወረቀት ማንሳት ነውር ነበር። ሸሪኩ ሲሞት ሚስቱ ሽማግሌ ላከች። «የጓሮውን ልሽጠውና ልጆቼን ላሳድግበት፤ መንገድ ዳሩን አንተ ያዘው» አለች። ክፉ ሐሳብ አልነበረም። አናጺውም ላስብበት ብሎ ነበር።

በዚያው ሳምንት ነው ራጅ አንሺዋ የተመዘገበችው። ሆስፒታሉ የታካሚዎችን አቤቱታ የሚያይ ክፍል ሊከፍት ነው ተብሎ፣ ሕግ የቀመሰ ሰው እንደሚፈለግ ሰማች። ቀኑን ሙሉ ከባዱን የጨረር መከላከያ ሽርጥ ለብሳ «ትንፋሽ ይያዙ፣ አይንቀሳቀሱ» ማለት ሰልችቷታል፤ ወገቧም እምቢ እያለ ነው። በሌላ ሙያ ለተመረቁ የሚሰጥ፣ ከቤት ሆነው የሚማሩት የሕግ ማስተርስ አገኘች። በማስታወቂያው ላይ ለጥብቅና እንደማያበቃ በግልጽ ተጽፏል። እሷም ጥብቅና አላማራትም።

እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጋት ይሄ አጎቷ ነውና፣ ማንም ሳይሰማ ለሱ ነገረችው። ሻዩን አስቀመጠና ትክ ብሎ አያት።

«ሕግ? ጠበቃ ልትሆኚልኝ?»

አይደለም ጋሼ ልትል አፏን ከፈተች። ፊቱን ስታይ ግን ሻይ ጨመረችለት። ሸሪኩን ከቀበረ ወዲህ ፈገግ ሲል አይታው አታውቅም። ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ አለች ለራሷ። በማግስቱ መንደሩ ሁሉ ሰማ፤ ሳምንት ሳይሞላ ስሟ ቀርቶ «ጠበቃዋ» ተባለች። ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ ጠበቃዋ፣ ታክሲ ስትጠብቅ ጠበቃዋ። መጀመሪያ አፈረች፤ በኋላ ለመደች። የሚያሳዝነው፣ ደስ ማለቱም አልቀረም።

ዝምታዋ ብቻ ቢሆን እኮ ደግ ነበር። የውል ሕግ ኮርስ በጀመረች ሰሞን፣ ያነበበችው ትኩስ ትኩስ እያለ፣ «ጋሼ፣ የቃል ውልም እኮ ውል ነው፤ ሕጉ ካንተ ጋር ነው» አለችው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለው ለዚህ ነው። አናጺው ሽማግሌዎቹን አስጠርቶ፣ «ልጄ ትጨርስ፣ ያኔ ከሷ አፍ ትሰማላችሁ» ብሎ መለሳቸው። ስለ ቤትና ስለ መሬት የሚደረግ ውል ግን በጽሑፍ ካልሆነ እንደማይቆም የሚያስረዳው ምዕራፍ በሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ከራጅ ማሽኑ ጎን ተቀምጣ ስልኳ ላይ ስታነበው ምሳ ዕቃዋን መልሳ ከደነችው። ዛሬ ማታ እነግረዋለሁ አለች። ማታ ሲመጣ ፈተናዬን ልጨርስ አለች። ፈተናው ሲያልቅ የሸሪኩ ሚስት ሥራ ቤቱን ይልቀቅልኝ ብላ የከሰሰችበት መጥሪያ ደረሰ።

አሁን አናጺው እየተናገረ ነው። ስለ ጣሪያው ተናገረ፤ ሟቹ መሰላል ይፈራ ስለነበር ማገሩን ሁሉ እሱ እንደወጣ። ወለሉን በእጃቸው እንደደለደሉት። ዳኛዋ በትዕግሥት ሰሙት።

«የተጻፈ ነገር አለዎት?»

«እሱ እያለ ወረቀት ምን ይሰራልን ነበር?»

ዳኛዋ ወደ ከሳሿ ዞሩ። «ለመስማማት ሞክራችኋል?»

«ሽማግሌ ልኬ ነበር» አለች ባሏ የሞተባት ሴት፣ ዓይኗን ከጫማዋ ሳታነሣ። «መለሳቸው። አሁን ገዢ መጥቶ ሙሉውን ተዋውለናል። ያኔ እሺ ቢለኝ ኖሮ እዚህ ባልቆምን።»

ከእረፍት በኋላ ውሳኔው ተነበበ። አናጺው ዕቃውን ይዞ እስከ ወሩ መጨረሻ ሥራ ቤቱን ይልቀቅ ተባለ።

አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ጎን ለጎን ቆሙ። ኮቷ ሞቃት፤ ፎልደሩ ከብብቷ እየሾለከ አስቸገራት።

«ታውቂ ነበር?» አለ።

«አዎ ጋሼ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከተመዘገብኩ ጀምሮ። ጠበቃ የሚያደርግ ትምህርት አይደለም። ልነግርህ ነበር።»

«ልትነግሪኝ ነበር።» ቃሏን እንደ ሻካራ ሳንቃ በመዳፉ የዳሰሰው መሰላት። «ስለ ቃል ውሉ ያልሽኝስ?»

«ግማሹን ነበር ያነበብኩት። ሌላውን ሳነብ ሽማግሌዎቹን መልሰሃቸው ነበር።»

«ያን ጊዜም ቢሆን ልጠራቸው እችል ነበር እኮ። ሽማግሌ ሥራው መሄድና መመለስ ነው።»

አውቶቡሱ ሲመጣ ቀድሞ ገባ፤ ለሷም ቦታ ያዘላት። ባይይዝላት ይሻላት ነበር።

«ደስ ብሎህ ነበርና ነው» አለችው አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ።

«ደስ ብሎኝ ነበር» አለ በመስኮቱ እያየ። «እሱስ እውነትሽን ነው።»

ሥራ ቤቱ ሲደርሱ አናጺው ኮቱን ሰቀለና መጋዞቹን ከግድግዳ ማውረድ ጀመረ። ነገ ይደርሳል አላለም። እሷም ብሎኑንና ምስማሩን ለየብቻ በቆርቆሮ ታኖር ጀመር። አንዳች ብትናገር ይቅርታ እንደሚሆን፣ ይቅርታ ደግሞ ዛሬ ለሱ ተጨማሪ ሸክም እንደሚሆን ገብቷታል።

ብዙም ሳይቆይ ከጎረቤት ሱቅ ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ብቅ አለች።

«ጠበቃዋ፣ እንዴት ሆናችሁ?»

«ተረታን» አለ አናጺው ፈጠን ብሎ። «እሷማ ምን ይወጣላታል፤ የዚያችን ጠበቃ አፉን አስይዛው ነበር። እኔ ነኝ ወረቀት ሳልጽፍ የኖርኩ ጅል። ባዶ እጇን ብሰዳት ምን ታድርግ?»

ራጅ አንሺዋ በእጇ የነበረው ምስማር አመለጣት። አጎቷ ቀና ብሎ አላያትም።

«ውይ እኔን» አለች ልብስ ሰፊዋ ከንፈሯን መጥጣ። «ቢሆንም እሷን የመሰለች ልጅ አለችህ፤ አይዞህ። እኔም ከወንድሜ ጋር ያለብኝን የእናታችንን ቤት ነገር ለሷ ነው ያስቀመጥኩት። ትናንትና እንኳ ሽማግሌዎች ልናስታርቃችሁ ብለው መጥተው፣ ጠበቃዬ እስክትመረቅ ጠብቁ ብዬ ሸኘኋቸው።»

አናጺው መጋዙን እንደያዘ ወደ እህቱ ልጅ ዞረና ራሱን በትንሹ ነቀነቀ። ተዪው ማለቱ ነው። ከሥራ ቤቱ ወጥቶ በዚህ መንገድ ሲያልፍ ሰው ቀና ብሎ እንዲያየው የምታደርገው አንዲት ነገር ብትኖረው፣ ጠበቃዋ የእህቱ ልጅ ናት። ገባት። ዝም ብትል ማንም አይከሳት፤ ዝም ማለት ደግሞ ታውቅበታለች።

«ሽማግሌዎቹን ዛሬውኑ አስጠሪያቸው» አለች።

«ለምን? አንቺ እያለሽ?»

«ጠበቃ አይደለሁም። ስመረቅም ጠበቃ አልሆንም፤ ትምህርቱ የዚያ አይደለም። ዛሬ ፍርድ ቤት ስለሱ አንዲት ቃል አልተናገርኩም፤ ተቀመጪ ተባልኩና ተቀመጥኩ። ጋሼ ሊሸፍነኝ ብሎ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ አንዴ እሷን አንዴ እሱን አየች። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ጠበቃዋ ስንልሽ?»

«ዝም አልኩ።»

ሴትየዋ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ጠቀለለችው፤ «ደህና ዋሉ» ብላ ወጣች። በግድግዳው ማዶ ስልክ ስትደውል ድምፅዋ ተሰማ።

አናጺው መጋዙን አስቀመጠና በትልቁ የሥራ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተደገፈ።

«እሷን እንኳ ብትተዪልኝ ምን ነበረበት» አለ፣ በቁጣ ሳይሆን ዝቅ ባለ ድምፅ።

ኮቷን አውልቃ መጋዞቹ አጠገብ አስቀመጠችና ወደ ጠረጴዛው ሌላኛው ጫፍ ሄዳ፣ እሱ በወዲያኛው ጫፍ እስኪያነሣ ድረስ ከሥሩ ይዛ ጠበቀች።