ከመጋረጃው ጀርባ የነበረችው

የዘፋኟ አዲሱ አልበም ከወጣ ገና ሦስት ቀኑ ነው፤ ስድቡ ግን የዓመት ያህል ሆኗል። «ድምጿ ሞተ፣ ነፍስ ይማር!» ብሎ የጻፈው ሰውዬ ብቻ ስንት ሺህ አጨብጫቢ አገኘ መሰላችሁ! ሐቁን እንናገር ካልን ደግሞ አልዋሸም። ሃያ ዓመት ሙሉ ሕዝብ ያበደለት ያ ጣሪያ የሚነካ ድምፅ አዲሱ አልበም ውስጥ የለም። ያለው ወፈር፣ ዝቅ ያለ፣ እንደ ልብ የማይታዘዝ ድምፅ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ያ ድምፅ የዘፋኟ ሆኖ አያውቅም፤ የታላቅ እህቷ ነው። ስቱዲዮ ገብታ ከፍ ያለውን ዜማ ትቀዳ፣ መድረክ ላይ ደግሞ ከመጋረጃ ጀርባ ቆማ ታወጣው ነበር። የአልበሞቹ ሽፋን ላይ «ተቀባይ» ተብላ እንኳ አልተጻፈችም። ማን ነሽ ሲሏት፣ «የዘፋኟ እህት ነኝ» ትላለች፣ በቃ። አምና ጉሮሮዋ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገላትና ድምጿ ሰለለ። የአልበሙ አሳታሚ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ከድሮው ቅጂ ቆርጠን እንለጥፋለን፣ ማን ያውቃል!»

«እህቴ ጨርቅ ናት የምትጥፏት?» ብላ ዘፋኟ የገዛ ድምጿን እንዳለ ለቀቀችው።

ዛሬ ለሬዲዮ የቀጥታ ሥርጭት ልትገባ ስትል አሳታሚው በር ላይ ክንዷን ያዛት።

«ጉንፋን ይዞኝ ነው በያቸው፣ አስተካክለን እንተካዋለን። እውነቱን ካወጣሽ ግን መድረክ የሚባል ነገር እርሺው! ስምሽም አፈር ድሜ ይበላል።»

«ልቀቀኝ» ብላው ገባች። ፈርታለች ግን፣ ምን ይደበቃል፤ ከመዝፈን ሌላ የምታውቀው ሥራ የላትም።

ጋዜጠኛው ፈገግ ብሎ፣ «እስቲ ንገሪን፣ ያ ድምፅ የት ሄደ?» አላት።

ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አስተካከለች። «ቤት ነው ያለው። ስወጣ ልብስ ይተኩስ ነበር።»

«እንዴት?»

«ታላቅ እህቴ ናት። የወደዳችሁት እሷን ነው።»

«ሃያ ዓመት አታለልሽን ማለት ነው!»

«አዎ፣ አታልያችኋለሁ። ይሄኛው አልበም ግን የራሴ ነው። የወደደ ይውደደው፣ የጠላ ይጥላው፤ አንዲት ነገር አልቀይርም!»

ከመስታወቱ ወዲያ አሳታሚው ራሱን ያዘ። የጣቢያው ስልክ አበደ። የመጀመሪያው ደዋይ «አጭበርባሪ!» ብሎ ጆሮዋ ላይ ዘጋው። እንባዋ መጣ፤ ዋጥ አደረገችው። ቀጥሎ የሰለለ ድምፅ ገባ።

«አንቺ እብድ! ሳትነግሪኝ? ሸሚዝሽን አቃጠልኩልሽ እኮ!»

ጋዜጠኛው ግራ ገባው። «ይቅርታ፣ ማን ልበል?»

ዘፋኟ ትንፋሿን ያዘች። ያቺን የሃያ ዓመት መልስ ታውቃታለች።

«ዘፋኟ ነኝ» አለች እህትየው። «እዚያ አጠገብህ ያለችው እህቴ ናት።»