ያልተወለደው ቅድመ አያት

ሰቪንጅ የመሳፍንት ዘር መሆኗን በቴሌቪዥን በተናገረች ማግስት፣ ተወልዶ የማያውቀው ቅድመ አያቷ ባኩ ከተማ ወደሚገኘው ቤቷ መጥቶ በሩን አንኳኳ።

ሰቪንጅ አገሩ ሁሉ የሚያውቃት ዜና አንባቢ ናት። እውነተኛው ቅድመ አያቷ ሸኪ በምትባል ከተማ ሰፊ መሬት የነበራቸው ቤይ፣ ማለትም መስፍን ነበሩ። መሳፍንትን የሚያሳድዱት ኮሚኒስቶች፣ ቦልሼቪኮች፣ ሲመጡ ግን ቤተሰቡ ከሞት ለመትረፍ አላህቨርዲ የሚባል ኩሊ ፈጠረና የእሱ ዘር ነን እያለ ኖረ። በቃለ መጠይቁ ላይ ያስረዳችው ይህንኑ ነበር።

በሩ ላይ የቆመው ኩሊው ነው። በፈጠሩት ጊዜ ሠላሳ ዓመቱ ነው ስላሉ ዛሬም ሠላሳ ዓመቱ ነው። ሰቪንጅ በዕድሜ ትበልጠዋለች።

«የለም ብለሻል አሉ» አለ። «ታዲያ ወዴት ልሂድ?»

ሰቪንጅ አንተ ትበለው አንቱ ግራ ገባት። በመጨረሻ አንቱ ብላ፣ እሱ የሚባል ሰው ኖሮ እንደማያውቅ በትሕትና ነገረችው። ሰውየው ይህን እንደሚያውቅ፣ የመጣውም ለዚሁ እንደሆነ መለሰላት።

እናቷ ታሚላ ድምፅ ሰምተው ከጓዳ ወጡ። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። ሰውየውን ሲያዩ አልደነገጡም፤ ጠጋ ብለው «አያቴ» አሉና እጁን ሳሙት። ከዚያ ለልጃቸው፣ ትምህርት ቤት የገቡት በእሱ ስም እንደሆነ፣ አባታቸውም ከእስር የተረፉት በእሱ ስም እንደሆነ ነገሯት። ቤዩን ግን በወሬ እንጂ አያውቋቸውም።

ሰቪንጅ በቴሌቪዥን አስተካክለዋለሁ አለች። ከሁለቱ ቅድመ አያቶች የትኛውን እንደምትክድ ግን ለራሷም አልታወቃትም።

«አትልፊ ልጄ» አሉ እናቷ። «አንቺ የቤዩ ሁኚ። እኔ የእሱ ነኝ።»

ካፖርታቸውን ለበሱ። ኩሊው በርከክ ብሎ ጀርባውን ሰጣቸው፤ አዝሏቸውም ደረጃውን ወረደ። ሰቪንጅ አልከለከለችም። እናቷን ከማን እጅ ማስጣል እንዳለባት አልገባትም።

ወደ በረንዳው ወጣች። ጎዳናው ሞልቷል። ከየሕንጻው እንደ አላህቨርዲ በወሬ የተፈጠሩ ወጣት ኩሊዎች፣ ግንበኞችና ልብስ አጣቢ ሴቶች እየወጡ ነበር። እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሽማግሌ ወይም አሮጊት አዝለዋል። ከፊት ያሉት ካስፒያን ባሕር ደርሰው በውኃው ላይ መራመዳቸውን ቀጥለዋል፤ ውኃውም ከእግራቸው በታች አልተንቀሳቀሰም።