የጀልባዋ መብራትና የእትዬ መርፌ

እህቴ የሙሽራ ልብስ ሰፊ ናት። የከተማውን ሴት ግማሹን አልብሳ ድራለች፤ ራሷ ግን ሃምሳ ዓመት አልፏት አላገባችም። ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ አፏን በስፒል ትሞላና በእጅ ምልክት ብቻ ታወራለች። እኔ ታናሽ እህቷ ነኝ፤ እትዬ እላታለሁ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፤ ሱቄም ከሷ ሱቅ ጎን ነው፤ በመሀላችን ያለው ግድግዳ ስስ ስለሆነ የማልሰማው ነገር የለም።

አንድ ቀን አንድ ሰውዬ የተቀደደ የጀልባ ሸራ ታቅፎ እሷ ጋ መጣ። ሐይቁን የሚያሻግረው የማመላለሻ ጀልባ ካፒቴን ነው። ተሳፋሪ በወጣና በወረደ ቁጥር «ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ» ስለሚል ሰዉ ሁሉ ጋሼ ቀስ በሉ ይለዋል። ሚስቱ ከሞተችበት ቆይቷል። ከሥራው ሌላ የራሱ የሆነች፣ እኔን በዕድሜ የምትበልጥ ባለሸራ ጀልባ አለችው። ያንን ወፍራም ሸራ የሚችል የስፌት መኪና ያለው ደግሞ እትዬ ጋ ብቻ ነው።

እትዬ ሸራውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ዙሪያውን አየችውና «ይቺ ሙሽራ እንኳን ገዘፍ ትላለች» አለች። ሰውዬው ከሆዱ ሳቀ። ነገሩ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው። እትዬ በቀልዷ የሚስቅላት ሰው ካገኘች አለቀላት።

ከዚያ በኋላ ሸራው ይቀደድ ጀመር። ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ ባልነበረበት ሳምንት ሳይቀር ተቀዶ ይመጣል። ቅዳዱም ሁልጊዜ ቀጥ ያለ፣ በምላጭ የተሰነጠቀ የሚመስል ነው። እትዬ ምንም ሳትል ትሰፋለታለች። በመጨረሻ አንድ ቀን ሸራውን አልቀበልም ብላ እጇን አጣምራ አየችው። እሱም ላብ በላብ ሆኖ፣ ሸራውን እንደታቀፈ፣ እንድታገባው ጠየቃት። ጡረታው እንደደረሰ፣ ቤቱን ለእህቱ ልጆች ለቆ ጀልባዋ ውስጥ መኖር እንደሚፈልግ፣ ብቻውን ግን እንዳልሆነለት ነገራት። ያኔ እርስ በርስ አንቱ ይባባሉ ነበር፤ የጋብቻውም ጥያቄ የቀረበው በአንቱ ነው።

እትዬ ጀልባዋን አንዴ ለሸራው ልኬት ገብታ አይታት ነበር። የወጣችው በጨለማው ከእንጨት ተጋጭታ ግንባሯ አብጦ ነው። ስለዚህ ትንሽ አሰበችና «ፀሐይ ከገባች በኋላ እዚያ ውስጥ ተቀምጬ መርፌ ላይ ክር ማስገባት የቻልኩ ቀን አገባዎታለሁ» አለችው።

ሌላ ሰው ቢሆን ቀልድ ነው ብሎ ያልፈው ነበር። እሱ ግን ከሷ ሱቅ ወጥቶ፣ ሸራውን ሳያስቀምጥ፣ የኔ ሱቅ ገባና መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ስንት አምፖል እንደሚያስፈልግ ጠየቀኝ።

በነጋታው የመሣሪያ ሳጥኔን ይዤ ወደቡ ወረድኩ። ከእንጨቱ መሸጋገሪያ ወደ ጀልባዋ ስሻገር እጄን ይዞ «ቀስ በይ» አለኝ። ጥቂት ደረጃ ወርደን ውስጥ ገባን። መጀመሪያ ምንም አልታየኝም። ዐይኔ ሲለምድ ትንሽ ምድጃና የዕቃ ማጠቢያ፣ ከሱ ማዶ ካርታ የሚዘረጋበት ጠረጴዛ፣ መሀል ላይ እንደ ክንፍ የሚታጠፍ ገበታ፣ ግራና ቀኙ አግዳሚ መቀመጫ፣ ከፊት ጫፍ ደግሞ እየጠበበ የሚሄድ አልጋ ተራ በተራ ብቅ አሉ። ሁሉም እንጨት ነው። እንጨቱም ቫርኒሽ ሲደራረብበት ኖሮ ጠቁሯል። መስኮቶቹ የመዳፍ ያህል ናቸው። መብራት ተብሎ ያለው ሁለት አምፖል ነው፤ ሽፋናቸው ከማርጀቱ የተነሳ የሻይ መልክ ይዟል። ጋሼ አንዱን አበራልኝ። የበለጠ ጨለመ።

የእንጨቱን ሽፋን ነቅዬ ከጀርባ ያለውን ሽቦ ሳየው ሳቄ መጣ። ጀልባዋን የያዘ ባለቤት ሁሉ የፊተኛውን ሳይነቅል የራሱን ሽቦ ጨምሮ ሄዷል። ቀይ ሆኖ የገባው ሽቦ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። መዳቡ በእርጥበት አረንጓዴ ሆኗል። አንዱን የት እንደሚያደርስ ልይ ብዬ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጉልበቴ ዳኽኩ፤ ዞሮ ዞሮ መልሶ እዚያው የተነሳሁበት ጋ አደረሰኝ። ሁሉንም ነቅለን በማዳበሪያ ከረጢት ሞልተን ጣልነው።

እኔ ማብራት የማውቀው የሰርግ አዳራሽ ነው። ስለዚህ እንደለመድኩት ጣሪያው ላይ ዙሪያውን ነጭ ኃይለኛ መብራት ለጠፍኩ። ስናበራው ሁለታችንም ዐይናችንን በክንዳችን ሸፈንን። ቀስ ብለን ስንገልጥ የጋሼ ፊት ላይ ያለው እያንዳንዱ ሽብሽብ ተቆጥሮ የሚያልቅ ሆኖ ታየኝ፤ የኔም ለሱ እንደዚያው እንደሆነ ከአስተያየቱ ገባኝ። ውጭ መረቡን የሚጠቀልል አንድ ዓሣ አጥማጅ እባካችሁ አጥፉልን ብሎ ተጣራ።

«ክር ይገባል» አለ ጋሼ በትሕትና።

«ጥርስም ይነቀላል» አልኩት።

ተያይተን መሳቅ ጀመርን፤ ማቆም አቃተን። እዚያው ላይ ነው በሽታው የያዘኝ። ከዚያ በኋላ ከሥራ በተረፈችኝ ሰዓት ሁሉ እግሬ ወደ ጀልባዋ ሆነ። ነጩን መብራት ገፍፈን ጣልንና ከመጀመሪያው አሰብንበት። መብራቱን የሚበላው ጥቁሩ ጣሪያ ነበር። ጣሪያውን ነጭ ቀባነው። ጋሼ የእንጨቱን ቫርኒሽ በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቀው ከስሩ የማር ቀለም ወጣ፤ ሮጦ ሱቄ ድረስ መጥቶ፣ ደንበኛ አቋርጦ፣ «ማር ነው፣ ማር ነው» ብሎኝ ተመለሰ። ደንበኛዬ የሚሸጥ መስሏት ተከትላው ወጣች።

ከአልጋው ሥር ካለው ሳጥን ደግሞ ሁለት የነሐስ ፋኖሶች አገኘን። ጀልባዋ ስታዘነብል እነሱ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ ሆነው የሚንጠለጠሉ ናቸው። ጋሼ እንደ መስታወት እስኪያበሩ ወለወላቸው፤ እኔ ሆዳቸው ውስጥ ትንሽ ሞቅ ያለ ብርሃን የሚሰጥ አምፖል ከተትኩ። በአልጋው ራስጌ አንገቱ የሚታጠፍ የማንበቢያ መብራት፣ ደረጃው ሥር እግር የሚያይበት ትንሽ መብራት፣ ካርታው ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ቀይ መብራት አደረግን። ቀዩ ምን ያደርጋል ብለው፣ ጨለማ የለመደ ዐይን በቀይ ብርሃን ስለማይደናገር ካርታ አይቶ ቀና ሲል ውሃው ይታየዋል አለኝ።

እትዬ ይሄን ሁሉ ላለማየት ምላ ነበር። ያስማላት ሰው አልነበረም። ያፈረሰችው በትራስ ምክንያት ነው።

ጋሼ ለአግዳሚዎቹ ስፖንጅ ገዝቶ ልብሱን በራሱ እጅ ሰፋ። ባለመስመር ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ነው፤ ያለቀበትን ሊጨምር አንዱን ትራስ ለናሙና ይዞ እትዬ ጋ መጣ። እትዬ ስፌቱን አየች። በግድግዳው በኩል መቀሷን ስታስቀምጥ ሰማሁ። ከዚያ ይሄን የሰፋው ማን እንደሆነ ጠየቀችው፤ እሱም ደስ ብሎት እኔ ነኝ አላት። በማግሥቱ ሜትሯን አንገቷ ላይ አድርጋ፣ ለትራሱ ብቻ ነው የምመጣው፣ መብራቱን እንዳታሳዩኝ እያለች በቀትር መጣች። መስመሩ የተጣመመ ጨርቅ ባለበት ከተማ እንቅልፍ አይወስደኝም አለች።

ገብታ ጀልባዋን እንደ ሙሽራ ለካቻት። ትከሻዋ ሰፊ፣ ወገቧ ወፍራም፣ ወደ እግሯ ደግሞ ቀጭን፤ እንዲህ ያሉትን ስንቱን አልብሻለሁ እያለች፣ ልኬቱን እኔን እያስጻፈች። ስታጎነብስና ቀና ስትል ጣሪያውን የተሸከመው እንጨት ጋ ግንባሯ ድም አለ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ድም።

ለሁለተኛ ጊዜ ስትመጣ እንጨቱ ላይ ከዚያው ባለመስመር ጨርቅ የተሠራ ትንሽ ፍራሽ ተቸንክሯል፤ ልክ ግንባሯ የሚመታበት ቦታ ላይ። ስፌቱ ያሳፍራል። እትዬ መነጽሯን አድርጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ መረመረችው። ይሄን ጊዜ ፈትታ ትሰፋዋለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን በጣቷ ዳበስ አደረገችውና ትራሷን መስፋት ቀጠለች። እኔም ዞሬ የማይፈታውን ብሎን መፍታት ጀመርኩ፤ ምክንያቱም ፈገግ ማለቴን ካየች ትጣላኛለች።

ሁሉም አልቆ የፈተናው ቀን ደረሰ። የጋሼ እናት ልጄ ለማን እንዲህ እንደሚሆን ልይ ብለው መጥተው፣ አዲሱ አግዳሚ ላይ በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። እማማ ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ የሚያመልጣቸው ነገር ግን የለም። እኔ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፤ ጋሼ ያለችውን አንድ ኮት ለብሶ ማብሪያ ማጥፊያው አጠገብ ቆመ። እትዬ ገበታው ጋ ተቀምጣ ፀሐይ እስክትገባ ጠበቅን። እማማ እትዬን ከእግር እስከ ራሷ እያዩ ይለኳታል።

ውሃው ሲጠቁር ጋሼ አበራ። የሠራሁት እኔ ነኝ፤ እንዲህ ይሆናል ግን አላልኩም። የማር መልክ ያለው እንጨት ከውስጡ የሚበራ መሰለ። ነሐሶቹ በውሃው ልክ ወዲያና ወዲህ ይላሉ፤ ጥላችን በነጩ ጣሪያ ላይ ቀስ እያለ ይወዛወዛል። እትዬ አንገቷን አዙራ ሁሉንም አየች። ከዚያ ከኮሌታዋ ላይ መርፌ ነቅላ፣ ክሯን በጥርሷ ቆርጣ፣ ጫፉን በምራቋ አራሰች።

መብራቶቹ ፈዘዙ። ቀሉ። ሁሉም በአንድ ላይ ጠፉ።

ፊውዝ ነው ብዬ ልነሳ ስል አንድ ነገር ጠረጠርኩ። «ጋሼ» አልኩት፣ «ዛሬ ከመቼ ጀምሮ ነው ያበራኸው?»

ማብሪያ ማጥፊያውን ቀጭ ቀጭ አደረገ። «ከጠዋት ጀምሮ፣ እስክትመጡ ድረስ» አለ በመጨረሻ። «እያየኋቸው ነበር።»

መብራቶቹ የሚሠሩበት የጀልባዋ ባትሪ አልቋል። ሰውዬው ቀኑን ሙሉ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መብራቶቹን አብርቶ ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ ሲያያቸው ውሏል። እማማ በጨለማው ውስጥ ረጅም ትንፋሽ አወጡ። እኔ ሳቄን ለመያዝ እጄን ነከስኩ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ ጋሼ። ድምፁ ተሰብሯል። «የነገርሽኝን አንድ ነገር እንኳን ሳላበላሽ መጨረስ አልቻልኩም። ነገ ባትሪውን ሞልቼ…»

አንቺ ማለቱን እሱ አላወቀውም። ሁላችንም ሰምተናል። ውሃው የጀልባዋን ጎን ሲልስ ይሰማል።

«ነገ ምን ያደርጋል» አለች እትዬ። «ዝም ብለህ ቁጭ በል።»

እማማ ከጉያቸው ስልካቸውን አውጥተው አበሩ። ብርሃኑን መጀመሪያ ልጃቸው ላይ፣ ቀጥሎ እትዬ ላይ አደረጉ። እትዬ መርፌውን ከፍ አድርጋ ይዛለች። ክሩ ገብቷል፤ ከቀዳዳው አልፎ ቁልቁል ተንጠልጥሏል።

ጋሼ አፉን ከፍቶ ቀረ። እትዬ ከልጅነቷ ጀምሮ መብራት በሄደ ቁጥር በእጇ እየዳበሰች ስታስገባ እንደኖረች፣ ለመርፌ ዐይን የራሷ ዐይን አስፈልጓት እንደማያውቅ በእርጋታ አስረዳችው። እኔም ይሄን አውቀው ነበር፤ ሥራው ጣፍጦኝ እንዴት እንደረሳሁት እንጃ።

«ታዲያ ለምን እንደዚያ አልሽኝ?» አላት።

«እምቢ ማለት አቃተኝ» አለች። «እሺ ማለት ደግሞ አፈርኩ። የሆነ ነገር ማለት ነበረብኝ።»

እማማ ስልኩን አጠፉና በጨለማ ውስጥ እልል አሉ። ቦታዋ ጠባብ ስለሆነች ጆሯችን ሊደነቁር ደረሰ።

የተጋቡት በወሩ ነው። እትዬ ለስንቱ ነጭ ስትሰፋ ኖራ ለራሷ ነጭ አልፈልግም አለች። ከአግዳሚዎቹ ከተረፈው ባለመስመር ጨርቅ ቀሚስ ሰፋች፤ ልክክ ብሎላት ነበር። ችግሩ እንግዳ ሊያያት ጀልባዋ ውስጥ ሲገባ ነው። መቀመጫው ላይ ስትቀመጥ መስመሩ ከመስመሩ ገጥሞ ሰውነቷ ይጠፋል፤ የሚታየው ራሷና እጇ ብቻ ነው። አንድ አጎታችን ሙሽራዋ የት አለች እያሉ ሊቀመጡባት ምንም አልቀራቸውም።

ከሰርጉ በኋላ እነሱም፣ እማማም፣ እኔም ሆነን በሸራ ወጣን። የጥሩ ነፋስ ቀን ነበር። እኔ ሥራዬን ላይ ብዬ ውስጥ ቀረሁ። ሸራው ነፋሱን እንደጨበጠ ጀልባዋ ወደ ጎን ተኛች። ሁለቱ ፋኖሶች እንደተባለው ቀጥ ብለው ቀሩ፤ የተጋደመው ሌላው ዓለም ሁሉ ነው። መሳቢያዎቹን ስንሠራ እንዲያምሩ እንጂ እንዲቆለፉ አላሰብንም ነበር። አንዱ ተንሸራቶ ወጣና ማንኪያዎቹ ወለሉ ላይ ዘነቡ። ሁለተኛው የእትዬን የክር ድውሮች ለቀቀ፤ በየቀለማቸው እየተተረተሩ በእግሬ መሀል አለፉ። ከምድጃው በላይ ያለው ቁም ሳጥን ሲከፈት በጀርባዬ ደገፍኩት፤ የካርታው መሳቢያ ሲመጣ በእግሬ ያዝኩት፤ በእጄ ደግሞ ሁለት ኩባያ ቀልቤያለሁ።

ከላይ እማማ የባሕር ሰው ይመስል ገመዱን ሳቡት፣ ላላ አድርጉት እያሉ ያዛሉ። እትዬ መሪውን ይዛለች፤ ጋሼ ከጎኗ ሆኖ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ ይላታል፤ እሷ ደግሞ የምትሄደው ወደፈለገችው ነው። ሦስቱም ሲስቁ ይሰማኛል። እርዱኝ ብዬ ብጣራ ሰሚ አልነበረም። ደግሞም እውነቱን ለመናገር ብዙ አልተጣራሁም። ጀርባዬን ቁም ሳጥኑ ላይ እንዳደረግኩ፣ ክሩ ቁርጭምጭሚቴ ላይ እየተጠቀለለ፣ ወደቡ እስክንመለስ ድረስ ብቻዬን ሳቅኩ።